በሽታውን የደበቀ…

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች የገጠማቸውን ሲያጫውቱን ኖረዋል። እኔም ለብዙ ወራት ብዕሬን እያነሣሁ ስጥል ቆይቼ ዛሬ የራሴን ይዤ ቀርቤአለሁ። ስሜን አልጽፍም። የማልጽፈው በራሴ አፍሬ አይደለም፤ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ በእኔ የተነሣ የሰፈር መነጋገሪያ እንዳይሆኑ ብዬ ነው። የምጽፈው ስለ ራስ ምታት ነው። «ራስ ምታት ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

እናቴ ራስ ፍልጠት ነበረባት። በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ አስራ፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርዳ ትተኛለች። ያን ቀን እኛ ልጆቿ በእግራችን ጣት ነበር የምንሄደው። የጎረቤት ሴቶች ዳማከሴ ጨምቀው ይመጣሉ፤ አንዷ «ምች ነው» ስትል ሌላዋ «የለም፣ ዓይን ነው» ትላለች። እናቴ ግን ሁልጊዜ የምትናገረው አንድ ነገር ነበራት። «ከመጀመሩ በፊት የነጠላ ጥለት የመሰለ ነገር ዓይኔ ላይ ይበራብኛል» ትል ነበር። ጥለቱ እየተብለጨለጨ ይሰፋና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ራስ ምታቱ ይከተላል። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን የበሽታውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ሐኪሞች በሽታውን ማይግሬን፣ ያንን የሚያበራ ጥለት ደግሞ ኦራ ይሉታል። ማይግሬን ካለባቸው ሰዎች መካከል ከአራት አንዱ ያህል ይህን ኦራ ያየዋል።

እኔ ከእናቴ ሦስት ነገር ወረስኩ፤ ሳቋን፣ ቡና ወዳድነቷንና ይህንኑ ራስ ፍልጠት። ጥለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ግማሹ ጠፋብኝ። ለእናቴ ስነግራት ምንም ሳትመልስ ራሴን ዳሰሰችኝና «አንተም?» አለችኝ።

«አንተም» ያለችኝ ስወለድ ወንድ ልጅ ተብዬ እልል ስለተባለልኝ ነው። እኔ ግን ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ሴት እንደሆንኩ አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማንስ እናገራለሁ? እንዲህ ያለውን ሰው እዚህ አገር ትራንስጀንደር ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አሜሪካ መጣሁ፤ እንደ ብዙዎቻችሁ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት ሠራሁ፤ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ላክሁ፤ እናቴን በሩቅ ቀበርኩ። በ2015፣ በ34 ዓመቴ፣ ከብዙ እንቅልፍ አልባ ሌሊት በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሆርሞን መውሰድ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ገጹን ልትገለብጡት ትችላላችሁ። አልቀየማችሁም። ከመገልበጣችሁ በፊት ግን እንዲህ ብላችሁ አስቡ፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ስሕተት በእኔ ዓይነቱ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአባቶቻችንና በእናቶቻችን፣ በእኛም በራሳችን ላይ ስንት ጊዜ ደርሷል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆርሞኑን ከመጀመሬ በፊት የምሞላው ቅጽ ተሰጠኝ። «ማይግሬን አለብዎት?» ይላል። «አዎ» አልኩ። ቀጥሎ «ከራስ ምታቱ በፊት የሚበራ ወይም ጥምዝምዝ መስመር ያያሉ?» ይላል። ብዕሩን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ከዚያም «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ለምን ዋሸሁ? አንዲት እንደ እኔ ያለች ወዳጄ «ኦራ አለብኝ ካልሻቸው ሆርሞኑን ይከለክሉሻል» ብላኝ ነበር። ነገሩ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ኦራ ያለባቸው ሴቶች ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን እንዳይወስዱ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ የአንጎል ደም ሥር የመዘጋት፣ ማለትም የስትሮክ፣ አደጋ ይጨምራልና ነው። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ 34 ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት በር ሊዘጋብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። «እናቴ ያለ ሐኪም ችላው ኖራ የለም ወይ? እኔም እችለዋለሁ» አልኩ። አየሽ ጥበብ! ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ሆርሞኑ ሰላም ሰጠኝ። ራስ ፍልጠቱ ግን ባሰ። ቀድሞ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ የነበረው በወር ሦስትና አራት ጊዜ ሆነ። ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ማይግሬን ልጆችን ከጉርምስና በፊት ወንድ ሴት ሳይል ተቀራራቢ በሆነ መጠን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ግን ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ብራያን ሶመርቪል እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጥናት፣ በወር አበባ ሰሞን የሚመጣውን ማይግሬን የሚቀሰቅሰው የኤስትሮጅን መጠን ከፍ ብሎ ቆይቶ ድንገት መውረዱ መሆኑን አሳየ። በኔዘርላንድስ ሆርሞን በሚወስዱ 50 ትራንስጀንደር ሴቶች ላይ ተጠንቶ በ2004 የወጣ ጽሑፍ ደግሞ ከመቶ 26ቱ ማይግሬን እንዳለባቸው አመልክቷል። በዚያው አገር ይህ ቁጥር ለሌሎች ሴቶች ከመቶ 25፣ ለወንዶች ከመቶ 7.5 ነበር። እንግዲህ በሴትነቴ የምጠራጠር ሰው ቢኖር ራስ ምታቴ ሊመሰክርልኝ ይችል ነበር ማለት ነው! ቀልዱን ተዉትና፣ እናቴ በየወሩ መስኮቱን በጋቢ የምትጋርደው ለምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሰውነቴን ከማንነቴ ጋር ለሚያስማማው ቀዶ ሕክምና ተመዘገብኩ። የሐኪሞች ደብዳቤ፣ የኢንሹራንስ ፈቃድ፣ ወረፋው፣ ሁሉም ተደምሮ ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ለመጋቢት 2023 ቀን ተቆረጠልኝ። ከሥራ የስድስት ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ።

ከሐኪም ቤቱ የመጣው መመሪያ ብዙ ገጽ ነበር። ሆርሞኑን ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ አቁሚ ይላል፤ ደም እንዳይረጋ ሲባል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ከሳምንት በፊት አቁሚ ይላል፤ ደም እንዳይፈስ ሲባል። ከዋዜማው ጀምሮ ጠጣር ምግብ የለም፤ ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት ይወሰዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም የለም። እኔ ደግሞ በራሴ ላይ ጨመርኩበት፤ «ቡናም ጥሩ አይሆንም» ብዬ፣ በቀን አምስት ስኒ የምጠጣው ሴት፣ ከሦስት ቀን በፊት እርግፍ አድርጌ ተውኩ።

እስቲ ቁጠሩልኝ። ኤስትሮጅኑ ድንገት ወረደ። ራስ ፍልጠቱን የማስታግስበት አይቡፕሮፌን ቀረ። ቡናው ተቋረጠ። ረኃቡና የውኃ ጥሙ መጣ። ከፍርሃትም ከደስታም የተነሣ እንቅልፍ ጠፋ። አንዱ ብቻውን ቢመጣ እችለው ነበር፤ አምስቱ ግን እንደ ጅብ መንጋ በአንድ ሌሊት ከበቡኝ።

ታላቅ እኅቴ ልታስታምመኝ ከዳላስ መጥታ ነበር። ስለ እርሷ ጥቂት ልበላችሁ። እትዬ ማንነቴን ከነገርኳት አራት ዓመት ሆኗት ነበር። አልረገመችኝም፣ አልራቀችኝምም። ነገር ግን አማርኛችን ችግር ፈጠረባት። «እንዴት ነህ?» ብትለኝ እንዳይከፋኝ ትፈራለች፤ «እንዴት ነሽ?» እንዳትል አፏ እሺ አይላትም። ስለዚህ በደወለች ቁጥር «እንዴት ዋልን? ምሳ በላን? ብርዱን እንዴት ቻልነው?» እያለች እኔንና ራሷን አንድ ላይ ጠቅልላ ነበር የምትጠይቀኝ። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል በተገላገለች። የእኛ ቋንቋ ግን ሰውን ወይ አንተ ወይ አንቺ ሳይል ውኃ እንኳ አያቀርብም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጥለቱ መጣ። እንደ ወትሮው ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። በቀኝ እጄ ጣቶች ላይ መደንዘዝ ጀመረ፤ ወደ ክንዴ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ከንፈሬ። እኅቴ «ምን ሆንን?» አለች። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ የማውቀው ቃል ሁሉ ጠፋ። አማርኛውም እንግሊዝኛውም። እንደ ሕፃን «እ… እ…» ብቻ አልኩ።

እትዬ ስልኩን አንሥታ 911 ደወለች። በእንግሊዝኛ «እኅቴ ናት፣ መናገር አቃታት» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል እንደያዘች እጄን ጨበጠችና «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ መጡ» አለችኝ። ቋንቋዬ ሁሉ ጠፍቶብኝ እንኳ ያቺን «ሽ» ሰምቻታለሁ።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ስትሮክ እንዳይሆን ብለው ቶሎ አስገብተው አንጎሌን በመሣሪያ አዩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ንግግሬ ተመለሰ፤ ራስ ፍልጠቱም እንደ መጥረቢያ ወረደብኝ። ሐኪሙ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ሳልመልስ እኅቴ ቀደመችኝ። «እናታችን እንዲህ ነበረች፤ ዓይኗ ላይ የሚያበራ ጥለት ይታያት ነበር። ይቺም ከልጅነቷ ጀምሮ ታያለች» አለች። ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እዚያ ላይ የተጻፈው የእኔ «የለም» ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። «ከ14 ዓመቴ» አልኩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ተላለፈ። ስትሮክ አልነበረም፤ ነገር ግን በማግሥቱ ሰመመን ሰጥተው የሚቀዱኝ ሰው አልነበርኩም። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቀን አንድ ቅጽ ላይ ባደረግሁት ምልክት ምክንያት አመለጠኝ። የማማርረው ሰው አልነበረኝም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። የአገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ስንት ጊዜ ለሌሎች ተርቼ ነበር መሰላችሁ!

ከዚያ በኋላ ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ተላክሁ። ቀጠሮው ሲደርስ እንደ ተከሳሽ ነበር የገባሁት። «ሆርሞኑን ትከለክይኛለሽ?» ብዬ ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኋት። «መጀመሪያ ሁሉንም ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ስጨርስ የነገረችኝ ነገር ከስምንት ዓመት በፊት ብሰማው ኖሮ ስንት ሥቃይ በቀረልኝ ነበር።

እንዲህ አለችኝ። በወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ኤቲኒል ኤስትራዲዮል የሚባለው ሠራሽ ኤስትሮጅን ነው፤ አንቺ የምትወስጂው ግን ሰውነት ራሱ ከሚሠራው ጋር አንድ የሆነው ኤስትራዲዮል ነው። ኦራ አለ ማለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል ማለት እንጂ የግድ ሆርሞን ይቅር ማለት አይደለም። ክኒኑ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማይግሬን ደግሞ የሚጠላው ይህንኑ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ስለዚህ በቆዳ ላይ ወደሚለጠፈው እንዛወር፤ መጠኑ ሳይዋዥቅ ቀስ እያለ ይገባል፤ አስቀድሞ በጉበት ስለማያልፍም የደም መርጋት አደጋው ከሚዋጠው ያነሰ ነው። የደም ግፊትሽን እንከታተል። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚ፤ ኦራና ሲጋራ አብረው መኖር የለባቸውም።

እኔም ከሆርሞን ሐኪሜ ጋር ተመካክረው ወደሚለጠፈው ለወጡልኝ። ለመከላከያ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘልኝ። ከዚያም የነርቭ ሐኪሟ ለቀዶ ሐኪሙና ለሰመመን ሐኪሙ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። አዲስ ቀን ለሰኔ ተቆረጠ። ይህን ክፍል በዝርዝር የምነግራችሁ ከእናንተም መካከል ለሐሞት ጠጠርም ሆነ ለሌላ ቀዶ ሕክምና የሚገባ፣ ራስ ፍልጠትም ያለበት ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

አንደኛው የሆርሞኑ ጉዳይ ነው። ቀድሞ ሐኪሞች ከቀዶ በፊት ኤስትሮጅንን ማስቋረጥ ልማዳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከኒው ዮርክ የወጣ ጥናት ግን ሆርሞናቸውን ሳያቋርጡ በተቀደዱት ትራንስጀንደር ሴቶች ላይ የደም መርጋት ጨምሮ አላገኘም። ዛሬ የማያስቋርጡ ቀዶ ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ የሚያስቋርጡም አሉ። የእኔ ሐኪሞች ተነጋግረው ፕላስተሩ ባለበት እንዲቆይ ፈቀዱ። ይህን በራሳችሁ አትወስኑ፤ ጥያቄውን ማንሣት ግን መብታችሁ ነው።

ሁለተኛው ቡና ነው። ይህ የእኛ የሐበሾች ጉዳይ ነው! ቡና ለለመደ ሰው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ቀን ይበረታል፤ እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። እናቶቻችን «ቡናዬን ካልጠጣሁ ራሴ ይፈነዳል» የሚሉት ቀልድ አይደለም። የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ወይም የዐቢይ ጾም መግቢያ ራሱን የሚያመው ሰው ስንት አለ? ስለዚህ ሦስት ሳምንት አስቀድሜ ከአምስት ስኒ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት እያልኩ እስከ አንድ አወረድኩት። ያቺን አንዷን ደግሞ እንዳልተዋት የሰመመን ሐኪሙ ራሱ ነገረኝ። ለካስ በአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ወተት የሌለበት ቡና እንደ ውኃ ይቆጠራል፤ ከቀዶው ሁለት ሰዓት በፊት እስካለው ጊዜ ድረስ መጠጣት ይቻላል። የየሐኪም ቤቱ ሕግ ስለሚለያይ ግን ጠይቁ እንጂ እኔ ብዬአለሁ ብላችሁ አትጠጡ።

ሦስተኛው የአገር ቤት መድኃኒት ነው። እትዬ በመጀመሪያው ጊዜ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ቀምማ ይዛልኝ መጥታ ነበር። በደግነት ነው። ዳሩ ግን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመድኃኒት መልክ በብዛት ሲወሰዱ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ከቀዶ ሁለት ሳምንት በፊት እንድንተው ይመክራሉ። ወጥ ውስጥ የገባውን አይደለም፤ ለመድኃኒት የሚጠጣውን ነው። የምትጠጡትን ሁሉ፣ ዳማከሴም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ተናገሩ። «ይስቁብኛል» አትበሉ። አይስቁም፤ ይጽፉታል።

አራተኛው የክኒኑ ነው። ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ እኔም በቀዶው ጧት በአንድ ጉንጭ ውኃ እንድውጠው ተነገረኝ። አይቡፕሮፌን ስለተከለከልኩ ራስ ፍልጠቱ ቢመጣ የምጠቀምበት፣ መዋጥ የማያስፈልገው፣ በአፍንጫ የሚረጭ ሱማትሪፕታን ተሰጠኝ። ይህ መድኃኒት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ላለፈበት ሰው አይሰጥም። በተጨማሪም ከቀዶው በኋላ ለቁስል ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ትራማዶል ከእርሱ ጋር ስለማይስማማ የፋርማሲው ባለሙያ አስቀድሞ በሌላ አስለወጠልኝ። ይህ ሁሉ የሆነው እውነቱን ስለተናገርኩ ብቻ ነው።

አምስተኛው ሰዓቱ ነው። ረኃቡና ጥሙ እንዳይረዝም የጧት የመጀመሪያ ተራ ተሰጠኝ፤ ገና ስገባም ግሉኮስ ሰኩልኝ።

እትዬ በሰኔ እንደገና መጣች። በዚያች ሌሊት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን የጀበና ሽታ ቀሰቀሰኝ። ቀዶው ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። አንድ ስኒ ቀድታ ሰጠችኝና ጀበናውን ወዲያ አራቀችው። «አቦሉ ብቻ ነው የተፈቀደልሽ። ቶናውና በረካው ስትመለሺ ይደርስሻል» አለችኝ። ከዚያ በፊት ስለዚያ ቀን፣ ስለ 911ና ስለ «አይዞሽ»፣ አንድም ቀን አልተነጋገርንም ነበር። ያን ሌሊትም አልተነጋገርንም። ቡናዬን ጠጣሁ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። «ራስ ፍልጠቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። መጥቷል። በሦስተኛው ቀን፣ ከአልጋ መነሣት ሳይፈቀድልኝ ገና በጀርባዬ ሳለሁ፣ ጥለቱ በጣራው ላይ ሲበራ አየሁት። ነርሷን ጠራሁና «ኦራ ጀመረኝ» አልኳት። በሕይወቴ ያቺን ቃል ለሐኪም ቤት ሰው በገዛ ፈቃዴ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ደብዳቤው መዝገቡ ውስጥ ስለነበረ ማንም አልተደናገጠም። እጄንና ፊቴን ፈትሻ፣ አናግራኝ፣ ስትሮክ አለመሆኑን አየች። መብራቱ ጠፋ፤ መጋረጃው ወረደ፤ ጥለቱ ጠፍቶ ራስ ምታቱ ሲጀምር የአፍንጫው መድኃኒት ተሰጠኝ፤ የማቅለሽለሽ ማስታገሻም በግሉኮሱ ገባ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። እናቴ ሁለት ቀን ትሠቃይበት የነበረው ነገር በሁለት ሰዓት አለቀ። ስነቃ ያለቀስኩት ለቁስሌ አልነበረም፤ ለእርሷ ነው።

አሁን የሚያመኝ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ያህል ነው። ድኛለሁ አልልም፤ ማይግሬን የሚያዝ እንጂ ፈጽሞ የሚነቀል በሽታ አይደለም። ሰውነቴ ከእንግዲህ የራሱን የጾታ ሆርሞን ስለማያመነጭ ፕላስተሩን ሳላቋርጥ መለጠፍ አለብኝ፤ ብተወው አጥንቴ ይደክማል፣ ራስ ፍልጠቱም ይነሣል። የወንድ ሆርሞን ለማገድ እወስደው የነበረው ክኒን ግን ቀርቷል። ማስታገሻም ስወስድ ቀኑን በደብተር እጽፋለሁ፤ ሱማትሪፕታንን የመሰለውን በወር አሥር ቀንና ከዚያ በላይ፣ አይቡፕሮፌንን የመሰለውን አሥራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ይሆንበታልና። በየቀኑ ሁለት ሁለት ክኒን እየዋጣችሁ ታክሲ የምትነዱ፣ ሁለት ሥራ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይህቺን ልብ በሉ።

ደግሞ ይህቺን አትርሱ። እንደ መብረቅ ድንገት የመታ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታት፤ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፤ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መጥፋት ያስከተለ፤ እንዲህ ያለው ከመጣ «የኖረ ማይግሬኔ ነው» ብላችሁ አትተኙ። 911 ደውሉ፤ በሌላ አገር ያላችሁም የአገራችሁን የድንገተኛ ቁጥር። ስትሮክ ይሁን ማይግሬን የሚለየው ሐኪም ነው። እኅቴ በዚያን ቀን «ትንሽ ትተኛ» ብትል ኖሮና ነገሩ ስትሮክ ሆኖ ቢገኝ፣ ይህን ጽሑፍ ባላነበባችሁት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ የምንደብቅ ሕዝብ ነን። ስኳሩን ከሚስቱ የሚደብቅ፣ ደም ግፊቷን ከልጆቿ የምትደብቅ፣ ልጁ በአስተርጓሚነት ስለገባ ብቻ ለሐኪሙ ግማሹን የሚናገር አባት፣ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን ማንነቴን ስደብቅ ኖሬ፣ ያንን ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ ያገኘሁትን እንዳላጣ ብዬ በሽታዬን ደበቅሁ። እንደ እኔ ያላችሁ፣ ይህንንም ገጽ በር ዘግታችሁ የምታነቡ እኅቶች ካላችሁ፣ እባካችሁ ሐኪሙን አትፍሩት። የሚያውቀውን ነገር ይጠነቀቅለታል፤ የማያውቀውን ግን ምን ያድርገው?

ከሐኪም ቤት የተመለስኩ ዕለት እትዬ ትራስ ደርድራ አስቀመጠችኝና ቄጠማ ባይገኝ ዕጣን አጭሳ ቡና አፈላች። ጭሱ ራሴን እንዳያስነሣው ብላ መስኮቱን ከፈተችው። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ ስልኳ ጮኸ፤ አክስታችን ከአዲስ አበባ ነበረች። ማን ዘንድ እንዳለች ሳትጠይቃት አልቀረችም። እኅቴ ወደ እኔ አየች፤ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ታናሽ እኅቴ ዘንድ ነኝ፤ አሟት ነበር፣ አሁን ደህና ናት» አለች። በወዲያኛው በኩል ምን እንደተባለ አልሰማሁም። እኅቴ ስልኩን አስቀመጠችና ስኒዬን አነሣች። «ቶናውን እንካ… እንኪ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

በረካው ለሁላችን ይድረሰን። ቸር ይግጠመን።